ካንሰሩን ማን ፈርቶት፣ ማድያቱን እንጂ

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዞር የነበረ አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። ሦስት ሰው ነው የላከልኝ። አንዷ «አንተ ፋርማሲ ስለምትሠራ ይመለከትሃል» ብላበታለች። ጽሑፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸውን ከቆዳ ካንሰር እንዲጠብቁ የሚገፋፋቸው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። መልሱንም ራሱ ይሰጣል።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ይኸውላችሁ። የሐዋሳ ፀሐይ ኃይለኛ ናት ይላል። ተማሪው ስለ ቆዳ ካንሰር አያውቅም፤ ስለማያውቅ አይጠነቀቅም። ሴቶቹ የተሻለ ግንዛቤ ስላላቸው ጃንጥላ ይይዛሉ፤ ወንዶቹ ግድ የላቸውም። ስለዚህ ትምህርት ይሰጥ። ዶርም በር ላይ የሚያስደነግጥ ፎቶ ይለጠፍ። ፀሐይ እየሞቁ ቆዳን ማጥቆር ይቅር። ፊትና ክንድ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ በየወሩ ይታይ። ሁሉም ተማሪ በየቀኑ ሰንስክሪን፣ ማለትም ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት፣ ይቀባ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በቅንነት እንደጻፉት ግን ያስታውቃል። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ የሚጽፍ እንደ ልብ አይገኝምና መጀመሪያ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ከምስጋናው በኋላ ያለው ሁሉ ጭቅጭቅ ነው።

ፀሐይዋ ላይ አልከራከራቸውም። እንዲያውም አሳንሰዋታል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ደግሞ አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከምድር ወገብ የምንርቀው 7 ዲግሪ ብቻ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በነሐሴ መጨረሻ፣ ፀሐይ ቀጥ ብላ በአናታችን ላይ ታልፋለች። ያኔ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ብትቆሙ ጥላችሁ እግራችሁ ስር ገብቶ ይጠፋል። የነሐሴውን ማንም ልብ አይለውም፤ ሰማዩ ደመና ነዋ። ስስ ደመና ግን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ጨረርና ሙቀት ለየቅል ናቸው። ነፋሻ በሆነ ቀን ሐይቁ ዳር ውሎ ማታ ፊቱ የሚቃጠል ሰው «ዛሬ እኮ ፀሐይ አልነበረም» የሚለው ለዚህ ነው።

ጠባችን የሚጀምረው «ተማሪው ስለማያውቅ አይጠነቀቅም» ከሚለው ላይ ነው።

ባለፈው ወር ሦስት ተማሪዎች ወደ ፋርማሲው ገቡ። ሁለቱ የጤና ተማሪዎች ናቸው፤ ጋውናቸውን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገዋል። አገራችን ላይ ፋርማሲ ውስጥ ነጭ የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። «ዶክተር፣ ሰንስክሪን አላችሁ?» አለች አንደኛዋ። አውጥቼ ሰጠኋት። ቱቦውን አገላብጣ ጀርባውን አነበበች። ኤስፒኤፉ፣ ማለትም ከፀሐይ የመከላከል አቅሙ መለኪያ፣ 50 መሆኑን አየች። ሁለቱ የአልትራቫዮሌት ዓይነቶች፣ ዩቪኤና ዩቪቢ፣ ምን እንደሆኑ ለጓደኞቿ አስረዳች። ከእኔ በተሻለ ነው ያስረዳቻቸው። ዩቪኤ መስታወት እንደሚያልፍ ሁሉ ነገረቻቸው። ከዚያ ቀና አለችና «ማድያት ያጠፋል?» አለችኝ።

«እንዳይብስ ያደርጋል እንጂ አያጠፋም» አልኳት።

«ያቀላልስ?»

«አያቀላም።»

ቱቦውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ጓደኛዋ «ታዲያ ምን ይሠራል?» ብላ ሳቀች። ሁላችንም ሳቅን።

እንግዲህ ይቺ ልጅ ምን ጎደላት? እውቀት ነው? ፈተና ላይ የቆዳ ካንሰር ቢመጣባት ሙሉ ነጥብ ታገኛለች። ካንሰር የሚለው ቃል ግን ባንኮኒው ላይ አንዴም አልተነሣም። የተነሡት ማድያትና መቅላት ናቸው። ከዚያ ደግሞ ዋጋ። ዋጋውን ቀስ ብላ ነው የጠየቀችኝ፤ ስነግራት ለጓደኞቿ በዓይኗ አስተላለፈችላቸው።

ይሄ የሐዋሳ ልጆች ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ነፃ የሳንባ ራጅ በመኪና እየጫነ ሰፈር ድረስ ይሄድ ነበር፤ ቲቢን ቶሎ ለማግኘት። ነፃ ነው። ደጅ ድረስ መጥቷል። ሰው ግን እንደታሰበው አልመጣም። ነገሩ ያስጨነቃቸው የሥነ ልቦና ሰዎች ለምን ብለው ሲያጠኑ ነው ዛሬ የጤና ተማሪ ሁሉ የሚያጠናው «የጤና እምነት ሞዴል» የተወለደው። ሰውዬው በልቡ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። በሽታው እኔን ይነካኛል? ቢነካኝስ ይከፋል? አድርግ የተባልኩት ይጠቅመኛል? ምን ያስወጣኛል፣ ምን ያስቸግረኛል? በኋላ ላይ ደግሞ «እችለዋለሁ ወይ?» የሚለው ተጨመረ። ስለ በሽታው ማወቅ ከእነዚህ አንዱን ቢመልስ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ገና የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ያበቃል። «እኔን ይነካኛል?» ሲባል ጥቁርም ሆነ ጠይም ተማሪ መልሱ አይነካኝም ነው። እዚህ ላይ ተማሪው ከጸሐፊው ይልቅ ለእውነት ይቀርባል። እመለስበታለሁ።

«ፀሐይ እየሞቁ ቆዳን ማጥቆር ይቅር» የሚለው ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ሳቅሁ። ይቅርታ ይደረግልኝ። ማን ነው ሐዋሳ ላይ ለመጥቆር ብሎ ፀሐይ ላይ የሚሰጣው? ጠዋት ብርድ ለማባረር ግድግዳ ተደግፈን እንሞቃለን፤ ያ ሌላ ነው። ይሄ ምክር ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ስለ ተማሪዎችና ስለ ቆዳ ካንሰር የተሠሩት ጥናቶች በብዛት የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የአውስትራሊያ ናቸው። እዚያ ነጭ ተማሪ ጠየም ብሎ መታየት ያምርበታል ብሎ ያስባል። ለዚያ ብሎ የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ይተኛል። ገንዘብ ከፍሎ በሰው ሠራሽ ጨረር ቆዳ የሚያጠቁር አልጋ ውስጥ ይገባል። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2009 እ.ኤ.አ. እነዚህን አልጋዎች ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡ ነገሮች ምድብ ውስጥ፣ ከሲጋራ ጋር ነው የከተታቸው።

የእኛ ልጆች ሩጫ በተቃራኒው ነው። ሁሉም የሚሸሸው መጥቆርን ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ሊጽፉበት የሚገባው አደጋ እዚያው አጠገባቸው ነበር፤ አለፉት። እሱም የሚያቀላው ቅባት ነው። አንዳንዱ ውስጥ ሃይድሮኩዊኖን አለ፤ ቆዳው ሜላኒን፣ ማለትም የሚያጠቁረውንና ከፀሐይ የሚጠብቀውን ቀለም፣ እንዳይሠራ ያደርጋል። አንዳንዱ ክሎቤታሶል ነው፤ ለቆዳ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ ጠንካራ መድኃኒት። ያለ ትእዛዝ ወራት ሙሉ ፊቷን ስትቀባው የምትከርም ልጅ ቆዳዋ ይሳሳል፣ የደም ሥሯ ይታያል፣ ብጉር ይወርራታል። ፀሐይ መከላከያዋን በገዛ እጇ አውልቃ ጣለችው ማለት ነው። «ጓደኛዬ የምትቀባውን ስጠኝ» ብላ ባዶውን ቱቦ የምታሳየኝ ልጅ በሳምንት አንድ አትጠፋም። እዚህ ሰፈር ውስጥ ከየትኛውም ሌክቸር የበለጠ የሚሰማው የዶርም ጓደኛ ነው።

ሴቶቹ ጃንጥላ የሚይዙት ግንዛቤ ስላላቸው ነው የተባለውን በአጭሩ ልለፈው። ሄደው ይጠይቋቸው። «እንዳልጠቁር» ነው የሚሉዎት። መልካም፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ጥላ ጥላ ነው። በካሊፎርኒያ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። ፀሐይ ፊትን እንዴት እንደሚያሸበሽብና እንደሚያበላሽ በልዩ ካሜራ የገዛ ፊታቸው ሲታያቸው የመጠንቀቅ ፍላጎታቸው ከፍ ብሏል። መልክ የሚናቅ መግቢያ አይደለም። ወንዶቹ ግድ የላቸውም የሚለው ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ወንድ ልጅ ከአቶቴ እስከ ፒያሳ ጃንጥላ ዘርግቶ ይሂድ እስኪ። እስኪደርስ ድረስ የባጃጁ ሹፌር ሁሉ ይተርበዋል። ስለዚህ ኮፍያ ያደርጋል። ችግሩ ያ ኮፍያ ፊት ለፊት ብቻ ነው ምላስ ያለው፤ ጆሮና ማጅራት ሜዳ ላይ ነው የሚቀሩት። ዙሪያውን ጥላ ያለው ባርኔጣ ደግሞ «ገበሬ» ያስብላል፤ የግብርና ተማሪዎች እንኳ የመስክ ቀን ካልሆነ አያደርጉትም።

አሁን ወደ ፖስተሩ። ዶርም በር ላይ የቆሰለ ፊት ፎቶ ይለጠፍ ይላሉ ጸሐፊው፤ ሲፈራ ይጠነቀቃል ብለው። ይሄ በተማሪ ላይ የተሞከረ ነገር ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃዋርድ ሌቨንታልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን ስለ ቴታነስ የሚያወራ ጽሑፍ አስነበቧቸው። ለአንዳንዶቹ ጽሑፉ በአስፈሪ ፎቶና በአስፈሪ ቃል የተሞላ ነበር። እነሱ በእርግጥ ፈሩ። እንከተባለን አሉ። አልሄዱም። ከዚያ ለተወሰኑት አንድ ተራ ነገር ተጨመረላቸው፤ ክሊኒኩ የተከበበበት የግቢው ካርታ ተሰጣቸው፣ የሳምንት ፕሮግራማቸውን አይተው መቼ እንደሚሄዱ እንዲያስቡም ተደረገ። ካርታ ካገኙት 28 በመቶ ያህሉ ሄደው ተከተቡ። ካላገኙት 3 በመቶ ብቻ። ፎቶው ያስፈራቸው ካላስፈራቸው አልበለጡም። ክሊኒኩ የት እንዳለ የማያውቅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ግን መቼና በየት በኩል እንደሚሄድ የነገረው ሰው አልነበረም።

እና ዶርም በር ላይ የግድ አንድ ነገር ይለጠፍ ከተባለ፣ ቁስል አይሁን። «ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ጥላ ፈልግ» ይበል። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለውን ሰዓት በቀይ ያስምርበት። ከላይብረሪ ወደ ክፍል በየትኛው ዛፍ ስር እንደሚኬድ ያሳይ። ደህና ሸሚዝም መከላከያ እንደሆነ ይጻፍበት። ስስ ነጠላ ብዙ አያስጥልም፤ ጂንስ ግን ጨረር አያሳልፍም ማለት ይቻላል።

«ፊትና ክንድ ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ በየወሩ ይታይ» የሚለውም ከውጭ እንዳለ የተቀዳ ነው። ጥቁር ሰው ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር ሲይዘው በብዛት የሚወጣበት ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ነው፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ስር። ይሄን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሻሸመኔ የግማሽ ሰዓት መንገድ ናት። ቦብ ማርሌይ በ1978 እ.ኤ.አ. ሻሸመኔን ሲጎበኝ በሽታው አብሮት ነበር። ከዓመት በፊት በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ስር ነበር የተገኘበት፤ የኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ነበር። ጣቱ ይቆረጥ ሲባል በእምነቱ ምክንያት እምቢ አለ። በ1981 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ገና 36 ዓመቱ ነበር። እሱን የገደለው ፀሐይ አይደለም። በሰንስክሪን የሚድን ነገርም አልነበረም። ስለዚህ ምክሩ ይሄ ነው፦ ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁን እዩት። ሳይመቱት ጥፍር ስር የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ካለ ለሐኪም አሳዩ። ሌላም አለ። ዓመታት የከረመ የማይድን የእግር ቁስል ወይም እሳት የፈጀው የቆየ ጠባሳ ተነሥቶ ሲያብጥና ሲደማ ዝም አይባልም። ጥቁር ቆዳ ላይ ካንሰር ከሚነሣባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። በጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ ጠባሳ የሚል ቃል አላገኘሁም።

ትልቁ ጠባችን የመጨረሻው ነው፤ «ሁሉም ተማሪ በየቀኑ ሰንስክሪን ይቀባ» የሚለው።

መጀመሪያ «ሁሉም» የምትለዋን ቃል እንያት። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር እንደሚለው እዚያ አገር በዕድሜ ዘመኑ ሜላኖማ የሚይዘው ነጭ ከሆነ ከ33 ሰው አንዱ ነው። ጥቁር ከሆነ ከ1,000 አንዱ። ሜላኒን ቀልድ አይደለም። ጥቁር ቆዳ ራሱን የሚከላከልበት አቅም ተለክቶ በአማካይ 13 ያህል ኤስፒኤፍ እንዳለው ተቆጥሯል፤ የነጩ 3 ያህል ነው። ስለዚህ ጠይሙ ተማሪ «እኔን አይነካኝም» ሲል አላዋቂ አትበሉት። አይነካውም ማለት አይቻልም፤ ፀሐይም ማድያቱን ታብስበታለች፣ ዓይኑን ትጎዳዋለች። ለዚያ ጥላ፣ ባርኔጣና መነጽር ይበቁታል። ቅባቱን ለማድያቷ ብላ የምትገዛም ትግዛ፤ እኔ ነጋዴ ነኝ፣ አልከለክልም። ካንሰር ይይዝሻል ብዬ ግን አልሸጥላትም።

ከዚያ ሂሳቡ። ቅባቱ የተጻፈበትን ያህል እንዲሠራ ለፊትና ለአንገት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ለእያንዳንዱ ክንድ ደግሞ አንድ አንድ ይፈልጋል። 15 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ቱቦው 50 ነው። ሦስት ጊዜ ተቀብቶ ያልቃል። ውጭ ለሚውል ሰው ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ይደገም ይባላል። በኪስ ገንዘብ የሚኖር ተማሪ አንዷን ቱቦ በሁለት ቀን ይጨርሳታል ማለት ነው። ጸሐፊው ይሄን አልደመሩትም። ተማሪው ግን ደምሮታል። የተማሪ ነገር፣ ሳንቲም ላይ አይሳሳትም።

ሰንስክሪን ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ናምቡር በተባለች የአውስትራሊያ ከተማ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1,600 በላይ ሰው ተሳትፎ በተሠራ ጥናት፣ በየቀኑ የተቀቡት ላይ አንደኛው የቆዳ ካንሰር ዓይነት በ40 በመቶ ያህል ቀንሷል። የሚሠራ ነገር ነው፤ ለሚያስፈልገው ሰው።

የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ እዚሁ ግቢ ውስጥ አለ። ጽሑፉ ውስጥ ግን የለም። አልቢኒዝም ያለባቸው ተማሪዎችን ማለቴ ነው። ቆዳቸው ሜላኒን የለውም ወይም በጣም ጥቂት ነው ያለው። አፍሪካ ውስጥ የቆዳ ካንሰር በወጣትነት ከሚቀጥፋቸው ሰዎች ዋነኞቹ እነሱ ናቸው። ብዙ ጊዜ ፊት፣ ጆሮ፣ ከንፈር፣ ማጅራት ላይ ይጀምራል፤ እንደ ቅርፊት ሆኖ፣ የማይድን ትንሽ ቁስል መስሎ። ቶሎ ከተገኘ ተቆርጦ ይወጣል፣ ሰውየውም ይድናል። በየዓመቱ ሰኔ 6 ቀን ዓለም የሚያስባቸው ዕለት ነው። «ሁሉም ተማሪ» ብሎ ሲጻፍ እነዚህ ልጆች ከሺዎች መሐል ይሰወራሉ። ሁሉም ይቀባ ሲባል ማንም አይቀባም፤ መቀባት ያለበትም አብሮ ይቀራል።

አንዱ ደንበኛዬ ነው። ረጅም እጅጌ ያለው ሸሚዝ፣ ዙሪያውን ጥላ ያለው ባርኔጣ፣ ከኋላ ማጅራቱን የሚሸፍን ጨርቅ። ጨርቁን እናቱ ናት የሰፋችለት። ስሙን ብጠራው ባርኔጣው ቀድሞ ትዝ የሚላችሁ ይመስለኛል። ስለ ቆዳው ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ቱቦ ሲገዛ ቆጥቦ ነው የሚገዛው። እጅጌህ ረጅም ስለሆነ ለፊትህና ለአንገትህ አንድ ማንኪያ ይበቃሃል፣ አሥር ቀን ያስኬድሃል ብዬ ቆጠርኩለት። ጠዋት ከመውጣትህ በፊት፣ ቀን ደግሞ ለምሳ ስትወጣ ድገመው ስለው ሳቀ። ቢደጋግመው አሥሩ ቀን አምስት ይሆናላ።

«ዶክተር፣ ቅባቱስ ይሁን» አለኝ። «እኔን የቸገረኝ የካፌ ሰልፍ ነው።»

ሰልፉ ውጭ ነው። ጣራ የለውም። ምሳ የሚከፈተው 6 ሰዓት ላይ ነው፤ እሱ ተራው እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ይቆማል። ጓደኞቹ መጀመሪያ ሰሞን ተራ ይይዙለት ነበር። ከኋላ ያሉት «ለምን ያልፋል» ብለው ሲጮኹ አፍሮ ተወው። አሁን ዶርም ሆኖ ሰልፉ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሲደርስ ብዙ ጊዜ ወጡ አልቋል።

ጸሐፊው ሁለተኛውን ክፍል እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። ከዚህ ሰልፍ ቢጀምሩልኝ ደስ ይለኛል።